ማየት ብቻ

ገመዱ ላይ የተሰጣው ልብስ የሴት ብቻ ነበር። መጋረጃ ሰፊዋ ጠዋት ወደ ስፌት ክፍሏ ስትገባ አይታው አልፋለች። ነገሩ የከነከናት ከሰዓት በኋላ፣ ገመዱ ባዶውን ሲቀር ነው። ልጇ ሚስት ካገባ ሁለት ዓመቱ ነው፤ በእነዚህ ሁለት ዓመታት የሥራ ቱታው ከምራቷ ቀሚስ ጎን ሳይንጠለጠል የዋለበት የእጥበት ቀን የለም። መቀሷን ጥላ ወደ ልጇና ምራቷ ክፍል ሮጠች። የቁምሳጥኑ ግማሽ ባዶ ነበር።

አጥባ፣ አድርቃ፣ አጣጥፋ ነው የሄደችው። ተናዳ የወጣች ሴት እንዲህ አታደርግም። ይህቺ አስባበታለች።

መጋረጃ ሰፊዋ ስልክ ሲጮህ ከማንሳቷ በፊት ጫማዋን የምታጠልቅ ሴት ናት። ልጇ የአሳንሰር ጥገና ሠራተኛ ስለሆነ በየቀኑ ቢያንስ አንድ ጊዜ በሐሳቧ ከስምንተኛ ፎቅ ይወድቅባታል። ዛሬ ግን ሌላ መዓት ደረደረች፦ መትቷታል፤ ከሌላ ሴት ወልዷል፤ ወይም ልጅቷ የማይድን በሽታ ይዟት ደብቃለች። ለልጇ ደወለች። ለክፉም ለደጉም ብላ ታክሲ ለሚነዳው ታናሽ ወንድሟም ደወለች። ሁለቱ ተከታትለው ገቡ።

«መትተሃታል?»

«እማዬ!»

«ሴት ይዘሃል?»

«የምን ሴት?»

«እና ምን ሆነች? በቁሜ ሳልሞት ንገረኝ!»

ልጁ ስፌት ማሽኑ ላይ ወደቀረው ጨርቅ ዞረ። ጆሮው ድረስ ቀላ። «የወሲብ ፊልም ነው» አለ። «ስልኬ ላይ አይ ነበር። ደርሳብኛለች። አንዴ ብቻም አይደለም።»

እናቱ ወንበሯ ላይ ዘፍ አለች። ከደረቷ ላይ ድንጋይ የተነሳላት መሰላት። ወዲያው፣ ምንም ሳታስብ፣ ለምራቷ ደወለች። «የኔ ልጅ፣ ነገረኝ እኮ! እኔ ደግሞ ስንቱን አስቤ! ተመስገን ነው፣ ይሄ ብቻ ነው?»

«ብቻ?» አለች ምራቷ። ስልኩ ተዘጋ።

መጋረጃ ሰፊዋ ስልኩን እንደያዘች ክው አለች። ሁልጊዜ የከፋውን ስለምትጠብቅ፣ ከዚያ ያነሰው ሁሉ የምሥራች ይመስላታል። አሁን ግን በገዛ አፏ ልጅቷን ጨርሳ ያስወጣቻት እሷ ራሷ ናት።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ምራት መጣች። የምትሠራው መድኃኒት ቤት ነው፤ የትምህርት ማስረጃዋን ረስታው ኖሯል። «እህቴ መኪና ውስጥ እየጠበቀችኝ ነው» አለች፤ አልተቀመጠችም።

«ሙሽሪት» አለ አጎት፤ ካገባች ጀምሮ የሚጠራት በዚሁ ነው። «ለዚህ ነው ጓዝሽን የጠቀለልሽው? ወንድ ልጅ ያያል። ማየት ምን ያደርጋል? እኔ ሠላሳ ዓመት ኳስ አይቻለሁ፤ አንድ ቀን ስጫወት አይታችሁኛል?»

«ጋሼ፣ ኳስ ሲያዩ መታጠቢያ ቤት ገብተው ይቆልፋሉ?»

«ሐኪም ይየው» አለች እናት እጇን እያፍተለተለች። «ዓይን ይጎዳል አሉ። አእምሮም ይነካል አሉ።»

«ጀመረች እንግዲህ! እትዬ፣ እሱ ዓይን ቢያጠፋ ኖሮ የሰፈሩ ወንድ ሁሉ በዱላ እየዳበሰ በሄደ ነበር።» ወደ ምራት ዞረ። «የማንንም ንብረት አልነካ፣ ማንንም አልደበደበ። በማየት ብቻ የተጎዳ አንድ ሰው አሳዩኝና እኔም አፌን እዘጋለሁ።»

«እኔ» አለ ልጁ።

ሁሉም ዞሩ።

«እኔ ነኝ። ድሮ ሲደብረኝ ነበር የማየው። አሁን ሳልፈልግም አያለሁ። እሷ እያናገረችኝ ሐሳቤ ስልኩ ላይ ነው። አጠገቤ ተኝታ ትናፍቀኛለች። ባለፈው ሳምንት አሳንሰሩ ጣሪያ ላይ ቁጭ ብዬ ሳይ ማቆሚያውን መጫን ረሳሁ። ከላይ ፎቅ ሰው አሳንሰሩን ጠራው፤ ከነእኔ ሽቅብ ተነሳ። ከላይኛው ጣሪያ ጋ ሳያጣብቀኝ በአንድ ክንድ ርቀት ነው የተረፍኩት።»

እናቱ አፏን በእጇ ያዘች። ስንት ዓመት ስትፈራው የኖረችው ነገር በሩ ድረስ መጥቶ ተመልሷል፤ እሷም ያን ቀን መጋረጃ ስትሰፋ ውላለች። ወየው ልትል ነበር፤ ዋጠችው።

«ይሄማ ያንተ ዝርክርክነት ነው» አለ አጎት፤ ድምፁ ግን ዝቅ ብሏል። «ሌላው ሰው...»

«ስለ ሌላው አላውቅም ጋሼ። የጠየቁት አንድ ሰው ነው» አለ ልጁ።

ምራት የመጣችበትን የማስረጃ ፋይል ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛለች። «ይሄን ለእኔ ለምን አልነገርከኝም? ‹ምን ጎዳሽ?› እያልክ ስትጮህብኝ ነው የከረምከው። እኔን የጎዳኝን እኔ አውቃለሁ። እብድ ያደረግከኝ አንተን የጎዳህን ስትክደኝ ነው።»

«አፍሬ ነው።»

«ነገ ለአለቃህ ትነግረዋለህ። ስልክ ይዘህ ጣሪያ ላይ አትወጣም። አማካሪ ጋ ትሄዳለህ፤ ቀጠሮውን ራስህ ትይዛለህ፤ እኔ አልጎትትህም።»

«እሺ።»

«እሺ ማለት ላንተ ቀላል ነው።»

«አውቃለሁ። እመኚኝ አልልሽም። ግን አትሂጂ።»

መጋረጃ ሰፊዋ ተነስታ ፊት ለፊቷ ቆመች። «የኔ ልጅ፣ ‹ብቻ› ማለቴን ይቅር በይኝ። ‹ብቻ› አይደለም። አሁን ገባኝ።»

ምራት ለአፍታ አየቻትና ወጣች። ከውጭ የእሷና የእህቷ ድምፅ ተሰማ፤ እህቷ ተቆጣች። ከዚያ የመኪናው በር ተዘጋ፤ ሞተሩ ተነሳ፤ ድምፁ እየራቀ ሄዶ ጠፋ። ልጁ ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። እናቱ በሐሳቧ የፍቺውን ወረቀት አንብባ ጨርሳ ፍርድ ቤቱ ደረጃ ላይ ደርሳለች።

በሩ ተገፋ። ምራት ትልቁን ሻንጣ በሁለት እጇ ይዛ ገባች።

«ዛሬ የምተኛው እዚሁ እማዬ ክፍል ነው» አለች፣ ማንንም ሳታይ። «ነገን አላውቅም።»

ልጁ ሻንጣውን ሊቀበላት ተነሳ፤ «ተወው» አለችው፤ እሱም ተወው። አጎት የታክሲውን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ፣ የሚቀለድበት ነገር ፈልጎ አጥቶ፣ «በሉ ደኅና እደሩ» ብሎ ወጣ።

መጋረጃ ሰፊዋ የበሩን እጀታ ይዛ ወደ ምራቷ ዞረች። «ልቆልፈው?»

ምራት ሻንጣው ላይ ቁጭ ብላ ጫማዋን መፍታት ጀምራ ነበር።

«ይቆልፉት።»

ቁልፉን ሁለት ጊዜ አዞረችው።