በእንግዳሸት ክምር ላይ የተነሣው እሳት

ልበ ብሩህ አንባቢ ሆይ፣ ከሰው ልጅ ደዌያት ሁሉ ስውርና ረቂቅ የሆነው፣ ራስን ከበደለኛ ወገን አውጥቶ ከተበዳይ ወገን ማስቀመጥ ነው፤ በደለኛን የሚጠብቀው ተግሣጽ፣ ተበዳይን የሚጠብቀው ግን የወዳጅ እንባና የጎረቤት እጅ ነውና፣ ደካማ ነፍስ ከሁለቱ የትኛውን እንደምትመርጥ ለማወቅ ሊቅ መሆን አያሻም።

በቀደመው ዘመን በወይናም አምባ ይኖር የነበረ እንግዳሸት የሚባል ባላገር፣ በወርኃ ታኅሣሥ በአንዲት ቀትር፣ ከአውድማው ዳር የሽምብራ እሸት ሊጠብስ እሳት አነደደ፤ ጠላም ጠግቦ ነበርና ፍሙን ሳያጠፋ እንቅልፍ ጣለው፤ ነፋስም የዓመት ድካሙን፣ ያን ግዙፍና ግሩም የጤፍ ክምር፣ አመድ አደረገው። ሀገሬው እየጮኸ ሲደርስ ሐፍረት ያዘውና «ጠላት አቃጠለኝ» አለ። ሰዉ ከንፈሩን መጠጠለት፤ ሴቶች አለቀሱለት፤ ሽማግሌዎች እህል አዋጡለት፤ በድንበር የተጣላው ጎረቤቱ ጓንጉል እንኳ ቂሙን ትቶ አንድ አቁማዳ ጤፍ ተሸክሞ መጣ። እንግዳሸትም ነገሩን በየደጁ ሲደጋግመው፣ በአጥሩ ሥር ሲሸሽ አየሁት ያለው ሰው በዓይነ ልቡናው እየጎላ ሄዶ፣ በመጨረሻ በእውነት ያየው መሰለው።

የአገሩ ገዥ ምስለኔው ግን ይህን ሰምቶ አውጫጭኝ ጠራ። አውጫጭኝ ከተጠራ ወንዱ ሁሉ በአንድ ሜዳ ይታገዳል፤ አጥፊው እስኪገለጥ ድረስም ማንም ወደ ቤቱ አይመለስም። ወፍ የሚባሉት ምስጢረኛ ጠቋሚዎች የድንበሩን ጠብ አስታውሰው ጓንጉልን ጠቆሙ፤ ያችን አቁማዳ እንኳ የጸጸት ምልክት አደረጉበት። ምስለኔውም፣ ከሳሹ እንግዳሸት አይቼዋለሁ ብሎ የማለ እንደሆነ የጓንጉል ቀኝ እጅ እንዲቆረጥ ፈረደ።

ያን ጊዜ በእንግዳሸት ላይ ፍርሃትና ረዓድ ወረደበት። ቄሱ መስቀላቸውን አንሥተው፣ በሐሰት የሚምል እንደ አርዮስ ውጉዝ ይሁን ሲሉ ሜዳው በሙሉ «አሜን» አለ፤ ያም አሜን እንደ ናዳ ወረደበት። ቢምል ፈጣሪውን ፈራ፤ ባይምል ያለቀሱለትን ሴቶችና እህል ያዋጡለትን ሽማግሌዎች ፈራ። ያን የሚሸሽ ሰው ይደግፈው ዘንድ በልቡ ፈለገው፤ የመጣለት ግን የራሱ ፍምና የራሱ እንቅልፍ ብቻ ነበር። የታሰረው ጓንጉል አልለመነውም።

«እንግዳሸት ወንድሜ፣ ካየኸኝ ማል» አለው። «ካላየኸኝ ግን በዚህ እጅ አርሼ የማበላቸውን ልጆች አስብ።»

እንግዳሸት በምድር ተደፋ። «ጌታዬ፣ ጠላት የለኝም» አለ። «እሸት ልጠብስ ያነደድሁት የገዛ እሳቴ ነው። ጠጥቼ ተኝቼ ነበር። ያዘናችሁልኝ ሁሉ በከንቱ ነው።»

በዚያ ሜዳ አንድም ከንፈር አልተመጠጠም። ምስለኔው በገበያ እንዲገረፍ አዘዘ፤ እህል የሰጡትም እህላቸውን መልስ አሉት። ጓንጉል ተፈትቶ በአጠገቡ አልፎ ወደ ልጆቹ ሄደ። እንግዳሸትም ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰውን ዓይን እየፈራ ኖረ፤ ይሁን እንጂ፣ ከእሳቱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሰዎች ፊት ለፊት የሚያዩት እርሱን ራሱን ነበር።

ስለ ሐሰቱ ሺህ ሰው ያለቀሰለት፣ እርሱ አንድም አልቃሽ የለውም፤ የተለቀሰለት በሐሰት የፈጠረው ሌላ ሰው ነውና።