ሞተር የማይጠብቁ በጎች

የላንግሾ ሰበካ ሰው ያፉን ሳያላምጥ መናገር ይወዳል። እኔ ጄስ ቴልፈርም እዚሁ ተወልጄ እዚሁ ያረጀሁ ስለሆንኩ ከነሱ አልለይም። ምራቴን ሮናን ሲያሟት ስንት ጊዜ ጥርሴን ነክሼ ሰምቻለሁ፤ አሁን ደግሞ የመናገር ተራው የኔ ነው።

አፍተግር የሚሉት የከብት በሽታ የገባ ዓመት፣ በሽታው እንዳይዛመት ተብሎ በጎቻችን አንድ ሳይቀሩ ተገድለው ተቃጠሉ። ባሌ ዊሊ ጭሱን በመስኮት ሲያይ ሰነበተና በዚያው ዓመት ሞተ። ሐኪሙ ልቡ ነው አለ። ልቡ መሆኑንማ እኔም አላጣሁትም።

በግ እንደሆነ ይገዛል። ኮርቢ የተባለውን ኮረብታችንን የሚያውቅ በግ ግን ከየት ይመጣል? ኮረብታችን አጥር ኖሮት አያውቅም። እናቲቱ በግ ድንበሩ የቱ ጋ እንደሆነ፣ ነፋስ ሲነሳ የት እንደሚጠለሉ ለግልገሏ ታሳያለች፤ ግልገሏም አድጋ ለራሷ ልጅ ታሳያለች። መነኮሳቱ እዚህ በግ ካረቡበት ዘመን ጀምሮ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው እውቀት በአንድ ሳምንት አመድ ሆነ።

ኮረብታውን ያከራየን ባለመሬት ይሄኔ ጥድ ልትከልበት አለ። ልጄ ዋት ተስፋ ቆርጦ የከተማ ሥራ መፈለግ ጀምሮ ነበር። እምቢ ያለችው ሮና ናት፤ የወደብ ከተማ ልጅ፣ አባቷ ዓሣ ሻጭ፣ እኛ ቤት እስክትገባ በግ በሕይወቱ ሳለ ነክታ የማታውቅ። አዲስ በጎች እንግዛ፤ እናቶቻቸው ካላሳዩአቸው እኔ አሳያቸዋለሁ ብላ ድርቅ አለች። የባለመሬቱ ወኪል ስቆ ጥቂት ዓመት ሰጣት። የመጨረሻው ዓመት የበረዶ ወራት መፈተኛ እንዲሆን ተስማሙ፦ በጎቹ ያለ አጥርና ያለ እረኛ ኮረብታው ላይ ከቆዩ መሬቱ በእጃችን ይቆያል፤ ከተበተኑ ጥዱ ይተከላል።

እሷ ሠራች እንጂ ሌላው ምን ሠራ? ሲመሽ መንጋውን ወደ ጫፉ ትነዳለች፤ ሲነጋ በራሳቸው ሲወርዱ ድንበራችን በሆነው ወንዝ ዳር ቆማ የሚሻገሩትን ትመልሳለች። ሰማዩ ሲጠቁር የዊሊ አያት ወደ ሠራው ክብ የድንጋይ በረት ትወስዳቸዋለች። ዝናብ ነው፣ ጭጋግ ነው፣ እሑድ ነው፣ እሷ አታውቅም። እኔ የአጃ ገንፎዋን ምድጃ አጠገብ አሞቅላታለሁ፤ እሷ ቆማ ትውጠውና ትሄዳለች።

የጎረቤታችን የኒኒያን ሃዶ በጎች ከበሽታው ተርፈዋል፤ የጥንት ዘር ናቸው። ታዲያ ሰውየው ኩራቱ አይጣል ነው። አንድ ቀን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ጄስ፣ ለልጅሽ ሚስት አመጣሽለት ወይስ የመንጋ ውሻ?" አለኝ።

"ውሻም ብትሆን ካንተ ቀድማ ትነሳለች" አልኩት።

እውነቴን ነው። ሃዶ ባለአራት ጎማ ሞተር ከገዛ ወዲህ ኮረብታ መውጣት ትቷል። ጠዋት ጠዋት መኖውን ጭኖ ቤተ ክርስቲያኑ መቃብር አጠገብ መንገድ ዳር ይቆምና ጡሩምባውን ይነፋል፤ በጎቹ ተንደርድረው ይወርዳሉ። እግሩም ጫማውም አይረጥብም።

የፈተናው ወራት ገባና ሮና መንጋውን መንዳት አቆመች። ጥቂት ቆይቶ አንድ እሑድ፣ ቅዳሴ ላይ ሳለን፣ መስኮቱ ነጭ ሆነ። ቤት ስንደርስ ነፋሱ ጣሪያውን ሊነቅለው ደርሷል። ሮና ቦት ጫማዋን ማጥለቅ ጀመረች። ዋት ከወጣሽ ውላችን ፈረሰ አላት። ካልወጣሁስ ይሞታሉ አለችው። ሁለቱም ወደኔ ዞሩ። "ቁጭ በይ ልጄ" አልኳት። "ያስተማርሽውን አስተምረሻል።"

ቁጭ አለች። ሾርባው ፊት ለፊቷ ቀዘቀዘ።

በነጋታው ሰማዩ ሲጠራ ወኪሉ መጣ። አብረን ወጣን፤ እኔም በዱላዬ። ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ስንደርስ መቃብሩ በበግ ጩኸት ይታመሳል። የሮና ፊት ደም አጣ። ወኪሉ አንዷን ቀርቦ አየና ጀርባዋ ላይ ያለው ምልክት ሰማያዊ ቀለም ነው አለ። የእኛ ቀይ ነው! የሃዶ መንጋ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ሞተሩን ሲጠብቁ፣ ሞተሩ በረዶ ውስጥ ተቀርቅሮ፣ እነሱ እዚያው ሲጮኹ አድረዋል።

ኮርቢ ላይ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ነጭ ብቻ ነበር። አንዲት በግ አትታይም። ወኪሉ አንገቱን ነቀነቀ። ዋት የሮናን እጅ ያዘ፤ እሷ አስለቀቀችውና ወደ ድንጋዩ በረት ሮጠች፤ ጉልበቷ ድረስ እየሰመጠች። ደርሳ ቆመች። ድምፅ የለም። ሐዘኑ ሮናንም እንደ ዊሊ ሊገድልብኝ ነው ብዬ እየተንገዳገድኩ ደረስኩና ከግንቡ በላይ እንፋሎት ሲነሳ አየሁ። ትንፋሽ ነበር። ቀይ ቀለም፣ ቀይ ቀለም፣ ቀይ ቀለም፤ ግልገሎቹ መሀል፣ እናቶቹ ዙሪያ፣ ሁሉም ያመሰኳሉ።

ያን ጊዜ አንዷ አሮጊት በግ ተነስታ ወጣች፤ ሌሎቹም በሰልፍ ተከተሏት። ነፋስ በረዶውን ወደጠረገው ሸንተረር አቀኑና ወንዙ ጋ ሲደርሱ፣ ሰውም ውሻም ሳይመልሳቸው፣ ታጠፉ። ወኪሉ ባርኔጣውን አወለቀ። ጥዱን ሌላ ቦታ እንተክላለን አለ። እሰይ! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ሮና ቆማ አለቀሰች፤ እኔም ለማልቀስ አላፈርኩም።

ስንመለስ ሃዶ መንጋው መሀል ቆሞ አገኘነው፤ ሞተሩን ትቶ በእግሩ የመጣ። መሬት መሬት እያየ፣ "ሮና፣ የኔዎቹስ ትምህርቱን ይቀበሉ ይሆን?" አላት።

"ይቀበላሉ፣ አቶ ሃዶ" አለችው። "ግን እርስዎም አብረዋቸው ይማራሉ። ነገ ሳይነጋ ቦት ጫማዎን አድርገው ይምጡ።"

መሳደብ አምሮኝ ነበር፤ ከሷ መልስ የተሻለ ግን አላገኘሁም። ከዊሊ መቃብር ላይ አበባዬን የሚበላውን የሃዶ አውራ በግ በዱላዬ አባረርኩና በረዶውን ከድንጋዩ ላይ ጠረግሁ።

"ዊሊ፣ በጎቹ ኮርቢ ላይ ናቸው" አልኩት።