ተመስገን የተባለ ዕለት

ይንቀጠቀጣል ስልኩ፣ በጋሽ ደምሰው መዳፍ ውስጥ... እንደ ተያዘች ወፍ ይንቀጠቀጣል።

ጥሪውን አይሰሙትም። መንቀጥቀጡን ግን ያውቁታል። እሑድ ነው፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነው፤ የምትደውለው ትርንጎ ናት፣ ከሐዋሳ፣ አንድ ልጃቸው።

በወፍጮ ቤት ነው ያሳደጓት። በቆሎ ፈጭተው፣ ጤፍ ፈጭተው፣ የፍኖተ ሰላምን እህል ሁሉ ፈጭተው... ወፍጮውም በተራው፣ ቀስ ብሎ፣ ጆሯቸውን ፈጨ።

ፊት ለፊት ለሚያናግራቸው ሰው፣ ከንፈሩን እያዩ ይመልሳሉ። ስልክ ግን ከንፈር የለውም።

ቢሆንም መላ አላቸው። የሰላምታ መንገዱ የታወቀ ነው። "እንዴት ነህ አባዬ" ይባላል፤ "ደህና፣ ተመስገን" ይባላል። ጤናው ይጠየቃል፣ ጎረቤቱ ይጠየቃል፣ ዝናቡ ይጠየቃል... ለሁሉም "ተመስገን" ይበቃል። ከስልኩ የሚደርሳቸው ጉርምርምታ ብቻ ነው፤ ሲመጣ ይጠብቃሉ። ሲቆም ይናገራሉ።

ተመስገን፣ ልጄ... ተመስገን።

አለመስማታቸውን አልነገሯትም። ነፍሰ ጡር ናት፤ የመጀመሪያ የልጅ ልጃቸውን ይዛለች። ለምን ትጨነቅ? ደግሞም አፍረዋል... ማፈራቸውን ለራሳቸውም አልነገሩም።

በዚያች እሑድም ተንቀጠቀጠ ስልኩ። ጉርምርምታው መጣ። ረዘም አለ። ተቆራረጠ። ቆመ።

"ተመስገን" አሉ ጋሽ ደምሰው፣ ፈገግ ብለው። "ተመስገን ነው ልጄ፤ እሱ ያደረገው ሁሉ ጥሩ ነው።"

ከዚያ ወዲያ አልተንቀጠቀጠም ስልኩ። እሑድ መጣ፣ አልተንቀጠቀጠም። ሌላ እሑድ መጣ... በደረት ኪሳቸው ውስጥ እንደ ጠጠር ዝም አለ።

ጎረቤታቸው ወይዘሮ ዘርፌ ናቸው የመጡት። ፊታቸው ላይ ቆመው ጮኹ።

"አንተ ሰውዬ! ጆሮህን ብቻ ነው ወይስ ልብህንም ነው የፈጨኸው? ትርንጎ ለኔ ደወለችልኝ። ጽንሱ ወርዶባታል! 'ልጄን አጣሁ ብዬ ባለቅስለት ተመስገን አለኝ' ትላለች!"

ከንፈራቸውን አዩ ጋሽ ደምሰው። አንዴ ድገሚልኝ አሉ... ሲደግሙም አዩ።

"አልሰማኋትም እኮ፣ ዘርፌ።"

"ታዲያ ለኔ ምን ትነግረኛለህ? ለሷ ንገራት!"

ደወሉ፣ እሳቸው ራሳቸው። ስልኩን ጆሯቸው ላይ አላደረጉትም፤ ዓይናቸው ፊት ያዙት። መስታወቱ ላይ ሰከንዱ መቁጠር ሲጀምር ማንሳቷን አወቁ።

እንዴት ነሽ አላሉም። ደህና ነኝ አላሉም።

"ትርንጎዬ፣ የምትይውን መስማት አልችልም። ያን ዕለትም አልሰማሁሽም። ጆሮዬ ከሄደ ቆይቷል፤ አፍሬ ነው የደበቅኩሽ። ለልጅሽ ሞት አይደለም ተመስገን ያልኩት... ለልጅሽማ ማልቀስ ነበረብኝ። አብሬሽ ማልቀስ ነበረብኝ።"

መስታወቱን አዩ።

ይቅር ብላ ይሁን ተቆጥታ፣ እያለቀሰች ይሁን ዝም ብላ፣ አላወቁም። ቁጥሩ ግን ይሄዳል... ይሄዳል። አልዘጋችባቸውም።

ተመስገን ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ... መልሰው ዘጉት።

እንደ ተያዘች ወፍ ይንቀጠቀጣል... ስልኩ አይደለም፤ መዳፋቸው ነው።