አቤት የማይለው ቁልፍ ሠሪ

ቁልፍ ሠሪው ከአፉ የማያወጣው አንድ ቃል አለ፤ «አቤት»። የተወው በገዛ ሠርጉ ቀን ነው። የሚስቱ ወንድም፣ ያ ደረቱን ነፍቶ የሚሄደው ሒሳብ ሹም፣ ከአዳራሹ ጥግ ሆኖ «አንተ ቁልፍ ሠሪ!» ብሎ ተጣራ። ሙሽራው ደንግጦ «አቤት!» ብሎ ብድግ አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ ሲጠሩት ካሻው «ምንድነው?» ይላል፤ ካላሻው ከንፈሩን ገጥሞ ያኮርፋል። በኩርፊያ የሚስተካከለው የለም። ሚስቱ ያስቀየመችበትን ነገር ረስታ ስትጨርስ የእሱ ገና ትኩስ ነው።

አሁን ግን በኩርፊያ የማይመለስ ነገር መጣበት። ሽንት ቤት በተቀመጠ ቁጥር ደም ያያል። አባቱም «ኪንታሮት ነው፣ ይተወኛል» ሲሉ ሲሉ ነው በአንጀት ነቀርሳ ያለፉት። ስለዚህ ቁርጡን ማወቅ ፈለገ። ስንት ወር ወረፋ ጠብቆ፣ አንጀት የሚያጥበውን ያን ጨዋማ ውሃ እየተጨነቀ ጨልጦ፣ ጀርባው ክፍት የሆነ ቀሚስ ለብሶ አልጋ ላይ በጎኑ ተጋደመ። ፊቱን ቀና ብሎ ያላየው ሐኪም ካሜራ አስገብቶ አንጀቱን በትልቅ ስክሪን ሊያይለት ጓንቱን ያጠልቃል። ዕድሜ ለትምህርት!

ነርሷ ጣቱ ላይ መቆንጠጫ፣ ክንዱ ላይ የግፊት መለኪያ፣ አፍንጫው ላይ የኦክስጅን ቱቦ አደረገችለት።

«አባባ፣ መድኃኒቱ ያደነዝዝዎታል እንጂ ጭልጥ አድርጎ አያስተኛዎትም። ልብዎን፣ ትንፋሽዎን፣ ኦክስጅንዎን ይሄ ማሽን ያሳየኛል። ባለቤቱ ቤት መኖሩን ግን አይነግረኝም። እሱን የማውቀው ጠርቼ ነው። ስጠራዎት አቤት ይበሉኝ።»

«ሌላ ቃል የለም?»

«ምን አሉኝ?»

«ምንም።»

መድኃኒቱ በክንዱ ገባ። ሰውነቱ ቀለለው፤ ግድግዳው ራቀ። ካሜራው የሚገባበትንም ረሳው።

«አባባ?»

«ምንድነው?»

«ጎበዝ!»

ጎበዝ! እንደ ሕፃን! ይህችን ያዘባት። ካሜራው ከገባ በኋላ ጥቂት ቆይታ ደግማ ጠራችው።

«አባባ፣ እስቲ አቤት ይበሉኝ።»

ጥርት አድርጎ ሰምቷታል። ግን በጭጋጉ ውስጥ ያ አዳራሽ መጣ፤ ሒሳብ ሹሙም ከነሳቁ መጣ። ቁልፍ ሠሪው አፉን ቆለፈ።

ትከሻውን ነቀነቀችው። ዓይኑን አልገለጠም። ትከሻውን ጨምቃ ቆነጠጠችው። አመመው፤ ይባስ ብሎ ጥርሱን ነከሰ።

«ዶክተር፣ አይመልሱልኝም።»

«ኦክስጅኑስ?»

«ደህና ነው። ትንፋሻቸውም ደህና ነው።»

«እንግዲያው ምን ሆነ? ዋናው ቦታ ጋ ልደርስ ነው እኮ!»

«ብቆነጥጣቸውም አልመለሱም! ያቁሙ።»

ሐኪሙ እየተነጫነጨ ካሜራውን አወጣ። ነርሷ አገጩን ቀና አድርጋ ይዛ የማደንዘዣውን ማርከሻ በክንዱ ሰጠችው። ቁልፍ ሠሪው ዓይኑን ገለጠ፤ ፊቱ ላይ የአሸናፊ ፈገግታ አለ።

«የተኛሁ መሰላችሁ?»

ሐኪሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን አየው። «ትሰማ ነበር?»

«አንድም አላመለጠኝ።»

«ታዲያ ለምን አትመልስም?»

«አቤት አልልማ።»

ነርሷ እጇን አገጩ ላይ እንዳደረገች ቀረች። ሐኪሙ ጓንቱን አውልቆ ቅርጫት ውስጥ ወረወረው። «ደሙ ይመጣበታል ያልኩትን ቦታ አላየሁትም። ዛሬ ደግመን አናደነዝዝህም። እንደገና ወረፋ ትይዛለህ፤ ውሃውንም እንደገና ትጠጣለህ።» በሩን ዘግቶ ወጣ።

ፈገግታው ከፊቱ ላይ ረገፈ። «ዶክተር!» አለ ቁልፍ ሠሪው። «ዶክተር! ኧረ አንድ ጊዜ! የአባቴ ነገር አለብኝ ነው የለብኝም? እሱን ብቻ ንገረኝ!»

ኮሪደሩ ላይ የጫማው ድምፅ ራቀ።

ነርሷ መቆንጠጫውን ከጣቱ አልፈታችም። «ማርከሻው ቀድሞ ካለቀ መድኃኒቱ መልሶ ሊጥልዎት ይችላል፤ እዚሁ እየጠበቅኩዎት ይቆያሉ» ብላ ሚስቱን አስገባቻት፤ የሆነውንም ነገረቻት። ሚስቲቱ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ አንጋጣ ጣራውን አየች።

«የአባትህን ነገር ልታውቅ መጥተህ በእኔ ወንድም ታኮርፋለህ?»

ማሽኑ ጢጥ ጢጥ ይላል። ቁልፍ ሠሪው የተዘጋውን በር አፍጥጦ ያየዋል። በሩ ይከፈትለት ይመስል፣ በቀጭን ድምፅ፦

«አቤት» አለ።

ሚስቱ ዞራ አየችው።

«ማን ጠራህ?»