የኩርባው ጡሩምባ

ሜቲ አንጸባራቂውን ጥብጣብ በሰደርያዋ ጀርባ ላይ እየሰፋች ነበር። ብርቱካንማው ሰደርያ ጠዋት ሲታደል የደረሳት ለሁለት ሰው የሚበቃ ስለነበር ጎንና ጎኑን አጥብባዋለች። ስታጠብበው ጥብጣቡ ተላቀቀ። አሁን ጉብታው ላይ፣ ግራሩ ሥር ተቀምጣ መርፌዋን ታመላልሳለች። ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ሥራዋ ሌሎች የሰፉትን መመርመር ነው። የራሷ ሲጣመም ዝም ብላ ማለፍ አይሆንላትም።

"ሰርግ የምንሄድ አስመሰልሽው እኮ" አለ ፍሬዘር። የእሱ ሰደርያ እንደታደለው ነው፤ እስከ ጉልበቱ ወርዷል። የፊዚክስ መምህር ነው። ጠዋት ከቸርች በቀጥታ ወደ እደላው ስለመጣ ከሥሩ ከረባት አስሯል።

"አንተ ደግሞ የመዘምራን ጋውን የለበስክ መስለሃል።"

"እሱንም እለብሳለሁ። ምን ችግር አለው?"

ሁለቱም ባቡር ወዳጆች ናቸው። እሑድ እሑድ ከአዳማ ወጣ ብለው፣ በወለንጪቲ በኩል ሐዲዱ የሚታጠፍበት ኩርባ ላይ ይመጣሉ። ከጅቡቲ ኮንቴይነር ጭኖ ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚሄደውን ባቡር ያያሉ። ማየት ብቻ ነው። "አያችሁት፤ ከዚያስ?" የሚላቸው ብዙ ነው። ጥበቃዎች ብዙ ጊዜ አባረዋቸዋል፣ ስልካቸውን አስከፍተው ፎቶ አስጠፍተዋቸዋል። ዘንድሮ ግን የመስመሩ የደህንነት አስተባባሪ፣ ሶሲ የምትባል ቀጭን ሴት፣ እነሱንና መሰሎቻቸውን ጣቢያው አዳራሽ ሰበሰበችና እንዲህ አለች፦

"ስትባረሩ ትመለሳላችሁ። እንግዲያው ስታዩ ለእኔም እዩልኝ።"

በጎ ፈቃደኛ ተመልካች ሆኑ ማለት ነው። አጥር ተቆርጦ ካዩ፣ ከብት ሐዲድ ላይ ከወጣ፣ ልጆች ድንጋይ ከደረደሩ ይደውላሉ። አጥሩን አልፈው አይገቡም።

"መጣ!" አለ ፍሬዘር።

ሜቲ መርፌዋን ጥብጣቡ ላይ ሰክታ ቀና አለች። ከሐዲዱ በላይ የተዘረጋው የኤሌክትሪክ ሽቦ ትንሽ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ባቡሩ ከግራሮቹ መሀል ወጣ። ፍሬዘር ክንዱን አንስቶ ገመድ እንደሚስብ ሰው ወደ ታች ሳበው፤ የሁልጊዜ ምልክታቸው ነው። ባቡሩም መለሰ። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም።

ነጂው ጋዲሳ ይባላል። ፍሬዘር አንዴ ጣቢያው በር ላይ አግኝቶት ስሙን ጠይቆታል። ሜቲ ግን ከሩቅ ክንዱን ብቻ ነው የምታውቀው። እሱ ግን ካለፈው ዓመት ጀምሮ እሑድ እሑድ ጡሩምባውን ይነፋላታል። ፋብሪካው ውስጥ ድምፅዋ የሚሰማው ስህተት ስታገኝ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜም ሰዎች ፊታቸውን ያጠቁራሉ። ይህ ሁሉ ብረት ግን፣ ያን ሁሉ አገር አቋርጦ መጥቶ፣ እዚህ ጋ ሲደርስ ሰላም ይላታል። ለማንም ነግራ አታውቅም እንጂ ሳምንቱን የምትገፋው በዚያ ድምፅ ነው።

ዛሬ ዓይኗ ከባቡሩ ወደ ታች ወረደ። ምናልባት ሰደርያው ነው ያወረደው።

አጥሩ ተቆርጧል። በቀዳዳው ከብቶች እየገቡ ነው። ሁለቱ ሐዲዱ ላይ ናቸው፤ ከኋላቸው አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ቀስ ብለው ይነዳሉ። ሽማግሌው ጡሩምባውን ሰምተዋል። ሰምተውም ወደ ጉብታው ዞሩና፣ ዱላቸውን አንስተው ለእነሱ ሰላምታ ሰጡ።

"ይውጡ!" ብላ ጮኸች ሜቲ። እንዲህ ጮኻ የምታውቅ አይመስላትም። "ኦቦ! ይውጡ!"

ጡሩምባው እንደገና ተነፋ፤ አሁን አላቋረጠም። ፍሬኑ ብረት ከብረት አፋጨ። ሶሲ ጠዋት እንደነገረቻቸው ግን ያን ያህል የጫነ ባቡር ፍሬን ስለያዘ ብቻ አይቆምም። ሽማግሌው ያኔ ገባቸው። የኋለኛዋን ላም በዱላ መቷት፤ ላሟ ዘለለች፣ እሳቸውም ከኋላዋ ዘለሉ። ባቡሩ የነበሩበትን ቦታ ሞልቶ አለፈ። ኮንቴይነሮቹ አንድ በአንድ፣ ረጅም ጊዜ አለፉ። የመጨረሻው ሲያልፍ ሽማግሌው በወዲያኛው በኩል ሣር ላይ ተቀምጠው ነጠላቸውን ያራግፉ ነበር።

ሜቲና ፍሬዘር እስከ አጥሩ ሮጡ። ሽማግሌው ተነሥተው መጡ። ኦቦ መርዳሳ ይባላሉ፤ ቤታቸው ከጉብታው ጀርባ ነው።

"ኢጆሌ፣ ልጆች፣ ምን ያስሮጣችኋል? ጓደኛችሁ ሰላም አላችሁ አይደል?"

"ጡሩምባውን አልሰሙም?" አለ ፍሬዘር።

"እንዴት አልሰማም! መስማት ነው ያቃተኝ? ሰማሁ፤ እናንተን ሰላም ሲል። አንተ እጅህን እንዲህ ታደርጋለህ፣ እሱ ይነፋል። በየእሑዱ ነው። ለእናንተ የነፋውን ለእኔ ነው ብዬ ልሩጥ?" ወደ ላሞቹ ዞሩ። "እነሱም ለምደውታል። ቡሬን እያት፤ ጆሮዋን እንኳ አላነሳችም።"

ቡሬ ዝንጉርጉሯ ላም ነበረች። ሣር እየጋጠች ነው።

ሜቲ ይዛው የሮጠችውን ሰደርያ ጨበጥ ስታደርግ መርፌው ወጋት።

ወደ ጉብታው ሲመለሱ ፍሬዘር ስልኩን አወጣ። "ቀዳዳውን ብቻ እንንገራት። የጡሩምባውን ነገር አናንሣ።"

"ለምን?"

"አቦ ለምን ትያለሽ! ጋዲሳን ከሥራ ብታስወጣውስ? እኛንስ? ገና ዛሬ ነው የለበስነው።"

"አጥሩ ቢጠገንም ሌላ ቦታ ይቆረጣል። ያኔም አይሸሹም።" ድምፅዋ ቀጭን ነበር፤ ግን ንግግሯን አላቋረጠችም። "እሳቸው የሚሞቱት በቀዳዳው አይደለም ፍሬ። በእኛ ሰላምታ ነው።"

ፍሬዘር ከረባቱን አላላ። ከዚያ ስልኩን ሰጣት።

ሶሲ እስከ መጨረሻው ሳታቋርጥ ሰማቻት።

"እኔም ጣቢያ ሆኜ እሰማው ነበር" አለች። "ኩርባው ላይ ሰላም ነው ማለት ነው እል ነበር። ጋዲሳን ምን ልበለው?"

"ለእኛ አይንፋ። እዚህ ጋ የሚነፋው ለከብትና ለሰው ብቻ ይሁን።"

"ሰላምታ ካማረውስ?"

ሜቲ አሰበች። "በእጁ።"

በሳምንቱ አጥሩ ተጠገነ፤ በሁለተኛው ቀን ተቆረጠ። ኦቦ መርዳሳ አልካዱም። ከብት ውሃ የሚጠጣው ከሐዲዱ ወዲያ ነው። ከሥር የሚያሳልፍ የከብት መሿለኪያ ተሠርቶ ነበር፤ የዘንድሮ ጎርፍ ደለል ሞልቶ ደፈነው። "ከብት ውሃ ሳይጠጣ አያድርም ልጄ። አጥሩን አንቺ ትሰፊዋለሽ፣ እኔ እተረትረዋለሁ። እስከ መቼ?" ሜቲ ይህንንም ደውላ ተናገረች። ጭቃው ሲደርቅ ማሽን ይመጣል ተባለ።

እስከዚያው እሑድ እሑድ ወደ ጉብታው መውጣቱን ተወችው። ቀዳዳው ጋ፣ ከአጥሩ በዚህኛው በኩል ትቆማለች። ከዚህ ባቡሩ አያምርም። ኩርባው አይታይም፤ ከሩቅ ሲመጣ እንደ እባብ መታጠፉ አይታይም። የሚታየው የላም ጀርባ ነው።

በመጀመሪያው እሑድ ጡሩምባው አንድ ረጅም ብቻ ሆኖ መጣ። ኦቦ መርዳሳ ወደ ጉብታው አዩ። ፍሬዘር ብቻውን ቆሟል፤ ክንዱን አላነሣም።

"ማንን ነው የሚጠራው?"

"እርስዎን ነው።"

"እኔን በምን አውቆኝ?"

"ከብቱን አስወጡ ነው የሚለው፣ ኦቦ መርዳሳ። ቶሎ!" እጆቿን ዘርግታ "ሆ! ሆ!" እያለች ላሞቹን ከቀዳዳው ወደ ኋላ መለሰች። ላም ነድታ አታውቅም። ቡሬ እስክትገፋት ጠበቀች፤ ስትገፋም ተራመደች እንጂ አልሮጠችም። ሽማግሌው ሳቁ።

"እንዲህ አይነዳም! ላም ነው ወይስ በር የምትገፊው?"

"እንዴት ነው የሚነዳው?"

አሳዩዋት። ከጎን ሆኖ፣ ድምፅን ከሆድ አውጥቶ። ሜቲ ከሆዷ ድምፅ ለማውጣት ሞከረች፤ ሳል ወጣ።

በሁለተኛው እሑድ ፍሬዘርም ከጉብታው ወረደ። "ከላይ ብቻዬን ደበረኝ" አለ እንጂ ሌላ ምክንያት አልሰጠም። ጡሩምባው በተሰማ ቁጥር ሦስቱም አንድ ላይ "ሆ!" ይላሉ፤ ከብቶቹም ይወጣሉ። ባቡር በሌለበት ሰዓትም አንዴ ሞከሩት፤ ፍሬዘር በሁለት መዳፉ አፉን ከልሎ ነፋ። ቡሬ ዞራ አየችውና ሣሯን ቀጠለች።

"እሷ ትክክል ናት" አሉ ኦቦ መርዳሳ። "ይሄ ባቡር አይደለም፤ መምህር ነው።"

በሌላው እሑድ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር፤ ጭቃው መሰነጣጠቅ ጀምሯል። ኦቦ መርዳሳ ስለ መቂ ሽንኩርት እያወሩ ነበር፤ ልጃቸው እዚያ ደላላ ሆኖ ጭነት ያስጭናል። ላሞቹ እስከ ቀዳዳው ደርሰው የመጀመሪያዋ አንገቷን አስገብታለች። ያኔ ጡሩምባው መጣ፣ ረጅምና ቀጥ ያለ።

ሜቲ አፏን ከፈተች። ድምፅ ሳታወጣ ቡሬ ራሷን አነሣች። ጆሮዎቿ ወደ ኩርባው ዞሩ።

"ይሄ የእኔ ነው" አሉ ኦቦ መርዳሳ። ወሬያቸውን ከመሀል ቆርጠው፣ ዱላቸውን ከትከሻቸው አውርደው፣ ከጎን ዞሩ። "ሆ!" ላሞቹ ከአጥሩ ራቁ፤ ቡሬ ከፊት። ሽማግሌው ከኋላቸው፣ በዕድሜያቸው ልክ በሚሮጥ ሩጫ። ሜቲ የምትሠራው ነገር አልነበራትም። አፏን ከደነች።

ባቡሩ ከፊቷ አለፈ። ይህን ያህል ቅርብ ሆና፣ ከብት ሳይጋርዳት፣ አይታው አታውቅም ነበር። በመስኮቱ ውስጥ ሰው ታየ። ራሱ በራ፣ መነጽር አድርጓል፤ ከሩቅ ከገመተችው ሰው ይልቅ አጎቷን ይመስላል። ጡሩምባውን አልነካም። መዳፉን መስታወቱ ላይ ለጠፈና ራሱን ዝቅ አደረገላት።

እሷም መዳፏን አነሣች። ኮንቴይነሮቹ እስኪያልቁ አላወረደችውም።

"ምን አለሽ?" አሉ ኦቦ መርዳሳ ሲመለሱ። ትንፋሻቸው አጥሯል፤ ፊታቸው በርቷል።

"ሰላም አለኝ።"

"አልሰማሁም።"

"አዎ" አለች ሜቲ፤ ሳቀች። "አልሰሙም።"

ማሽኑ በማግስቱ መጣ። በቀጣዩ እሑድ መሿለኪያው ተጠርጎ ነበር፤ ከብቶቹ ከሐዲዱ ሥር፣ ጥላው ውስጥ፣ አንድ በአንድ አለፉ። አጥሩም ተጠግኗል፤ ማንም አልቆረጠውም። ፍሬዘር "አሁን እንውጣ?" ብሎ ወደ ጉብታው ጠቆመ።

"አንተ ውጣ፤ እመጣለሁ።"

"ኧረ መጀመሪያ ጅራትሽን አስገቢ" አሉ ኦቦ መርዳሳ። "ወሩን ሙሉ ተንጠልጥሎ እያየሁት ነው።"

ሜቲ እጇን ወደ ጀርባዋ ሰደደች። ጥብጣቡ ያን ቀን ስፌቱን አቋርጣ በሮጠችበት ቦታ ላይ፣ በግማሽ ተሰፍቶ፣ አሁንም ተንጠልጥሏል። ሰደርያዋን አወለቀች። መሿለኪያው አፍ ላይ፣ አዲስ የተቆፈረው አፈር ላይ ተቀመጠች፤ መርፌዋን ከቦርሳዋ አውጥታ ካቆመችበት ቀጠለች። ስፌቱ የማይታይ ዓይነት ነበር፤ ጠጋ ጠጋ ያለ፣ ቀጥ ያለ። ዳሩ ላይ ስትደርስ ቋጠረችው፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። በአውራ ጣቷ አንዴ ዳበሰችው። ከዚያ መርፌውን ክር መጠቅለያው ላይ ሰካችና ቦርሳዋ ውስጥ አስቀመጠችው።