በቄሱ ጋቢ ውስጥ የነበረው ስልክ

ስልክ እየጠገንኩ ነው የምኖረው፤ ስልክ ግን አላምንም። ሰውም ቢሆን ያው ነው። አርብ ገበያ ላይ «ኢስራ ተጠራጣሪ ናት» ይሉኛል፤ ልክ ናቸው።

ሰኞ ጠዋት ቄስ አስማረ ስልካቸውን በመሃረብ ጠቅልለው መጡ። ዓይናቸው ስለደከመ ልጃቸው ጌታነህ ስልኩን በድምፅ የሚታዘዝ አድርጎላቸዋል። «ኮል ጌታነህ» ሲሉት በሴት ድምፅ መልሶ ይደውላል።

«ትናንት አንዱ የንስሐ ልጄ ሲናዘዝ ከጋቢዬ ውስጥ ሴት ተናገረች» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሰውየው ደንግጦ ወጣ። ሳልጠራት ምን አናገራት?»

«ሁሌም ታዳምጣለች አባ። የጠሯት ከመሰላት ደግሞ ቀድታ ለባለቤቶቿ ትልካለች፤ ባሕር ማዶ።»

«ይሄንስ አላምንሽም።»

እልህ ያዘኝ። የስልኩን መዝገብ ከፍቼ የተቀዱትን በተርታ አሳየኋቸው። የእሑዱ ላይ ስደርስ «እስቲ አሰሚኝ» አሉ፤ እኔም እንደ ሞኝ ተጫንኩት።

«...የወንድሜን ሚስት ድንበር የገፋሁት እኔው ነኝ። ድንጋዩን በክረምት ነቅዬ...»

ዘጋሁት። የዋለ ድምፅ ነው፤ በየሳምንቱ ካርድ የሚገዛኝ ዋለ። የሟች ወንድሙ ሚስት ህይወት «መሬቴ ጠበበ» ብላ ሽማግሌ ፊት ከቆመች ዓመት ሊሞላት ነው። ምስክር አምጪ ይሏታል፣ የላትም።

«ሰማሽ?» አሉ ቄሱ።

«ጥርት አይልም አባ። አልለየሁትም።»

«ይሄ ከወጣ ክህነቴ አበቃ። ማንስ ይናዘዝልኛል?»

ቅጂውን አጠፋሁ፤ ያችን ሴትም አውጥቼ ሌላ በድምፅ የሚታዘዝ ፕሮግራም ጫንኩላቸው። «ይሄ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ድምፅዎ ከስልኩ አይወጣም። የተጻፈበት ኮድም የተደበቀ አይደለም፤ የፈለገ ሰው ከፍቶ ያነበዋል።»

«አንቺ አንብበሽዋል?»

«ሁሉንም አይደለም።»

ስልኩን ትተው እኔን አዩኝ። ከዚያ በመሃረባቸው ጠቅልለው ሄዱ።

ከሄዱ በኋላ ነው ጥርጣሬው የመጣብኝ። አሰሚኝ ያሉት እሳቸው ናቸው። የእሑዱ ቅጂ ምን እንደሚል ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ሳያስቡት አመለጣቸው? ወይስ እሳቸው ሊናገሩት የማይችሉትን እኔ እንድናገረው ፈልገው ነው? ሳምንቱን ሙሉ ይሄ አልለቀቀኝም።

አርብ ህይወት ቻርጅ እንዲደረግላት እኔ ጋ የተወችውን ስልክ ልትወስድ መጣች።

«ሽማግሌዎቹ ዛሬ ሊቋጩት ነው» አለችኝ። «ምስክር የለኝም። አየሁ፣ ሰማሁ የሚል አንድ ሰው እንኳ ይጥፋ ኢስራ?»

ቀና ስል ቄስ አስማረ ከመንገዱ ማዶ ቆመው ወደኛ ያያሉ። ተናገሪ ይበሉኝ፣ ዝም በይ ይበሉኝ፣ ከፊታቸው ማንበብ አቃተኝ። ፈራሁ።

«ስልክሽ ሞልቷል» ብዬ ሰጠኋት።

«እግዜር ይስጥልኝ፤ አንቺ እንኳ ደግ ነሽ» ብላኝ ወደ ሽማግሌዎቹ ሄደች።