አክስቴ ክራንቼን የደበቀች ቀን

አክስቴ ዘመናይ ክራንቼን አልጋ ሥር ከትታ አሮጌ ሰሌን ስትጥልበት ዝም ብዬ አየኋት። ዝም ማለቴ እስከ ዛሬ ያበሽቀኛል። ሠላሳ አንድ ዓመት የሞላኝ ሰው ነኝ፤ አምበር ከተማ ላይ ሞባይል እጠግናለሁ፤ የወረዳው ሰው ሁሉ ስልኩ ሲሞትበት የሚሮጠው ወደኔ ነው። ግራ እግሬን ግን በልጅነቴ ፖሊዮ መትቶታል፤ ያለ ክራንች ከደጅ አልወጣም።

የዚያን ቀን የሚመጡት የሕሊና አባት ቄስ ገብረ ኪዳን ነበሩ። ሕሊና አምበር ታስተምራለች። የተዋወቅነው ስክሪኑ የተሰበረ ስልክ ይዛ መጥታ ነው፤ ስልኩ ከዳነ በኋላም መመላለሷን አልተወችም። ሽማግሌዎቼ ሉማሜ ድረስ ሄደው ልጅዎን ለልጃችን ሲሉ፣ ቄሱ መጀመሪያ ልጁን በዓይኔ ልየው ብለው ቀጠሮ ሰጡ። ሕሊና አባቷ ስለ እግሬም እንደሚያውቁ፣ እንዳለሁ ሆኜ እንድጠብቃቸው ነግራኝ ነበር። እኔ ግን ልታጽናናኝ ነው ብዬ አላመንኳትም። አውቆ የሚመጣ አባት የት አለ? እግሬን አይተው ይመለሳሉ፣ እሷንም አጣታለሁ እያልኩ ስብሰለሰል ሰነበትኩ። አክስቴ ይህን አይታ መላ ዘየደች፤ ቁጭ ብዬ እንድጠብቅ፣ እስከ ወገቤ ጋቢ እንድለብስ፣ የቀረውን ለእሷ እንድተው።

ቄሱ ገቡ። ቤቱ በሙሉ ብድግ ብሎ መስቀል ተሳለመ። እኔ ብቻ እንደ ጤፍ ኩንታል ተጎልቼ ቀረሁ። በእኛ አገር ቄስ ቆሞ የሚቀመጥ ሙሽራ ታይቶ አይታወቅም። አክስቴ ጉንፋን ጥሎት ነው አለች፤ እኔም ለማስመሰል ሳልኩ። ቄሱ መስቀላቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ።

የሽማግሌዎቹ አለቃ ጋሽ ምስጋናው ነገሩ መበላሸቱ ገብቷቸው ሊያቃኑት ተነሡ። ምናለ እሳቸው ዝም ቢሉ! ልጃችን ብርቱ ነው፣ ባለፈው ሳምንት ደብረ ማርቆስ በእግሩ ደርሶ በዚያው ቀን ተመልሷል አሉ። እኔ ራሴ በጉብዝናዬ ተገረምኩ። አክስቴም አልቀረላትም፣ ለጥምቀት ጭፈራ የሚችለው የለም ብላ ጨመረችበት።

ቄስ ገብረ ኪዳን እስከ መጨረሻው ሰምተው ጃንጥላቸውን አነሡ።

"ልጄ የመረጠችው በክራንች የሚሄድ ሰው ነው" አሉ። "ይሄ ሯጭ የማን ልጅ ነው? የእሷን አምጡልኝ፤ አለዚያ ልሂድ።"

ጋሽ ምስጋናው አክስቴን አዩ፤ አክስቴ ጣራውን አየች። እኔ አፈርኩ። በእግሬ አይደለም ያፈርኩት። ሕሊና ደፍራ የተናገረችውን እኔ በጋቢ መሸፈኔ ነው ያሳፈረኝ። ቄሱ በሩ ጋ ደርሰዋል።

አክስቴን ክራንቼን ስጪኝ አልኳት። የምን ክራንች አለችኝ፣ ከአቋሟ ንቅንቅ ሳትል።

ጋቢውን ጣልኩ። በአንድ እግሬ እየዘለልኩ፣ መጀመሪያ ጠረጴዛውን፣ ቀጥሎ የጋሽ ምስጋናውን ትከሻ እየተደገፍኩ፣ በመሀል አንድ ማንቆርቆሪያ ጠላ ደፍቼ በሩ ጋ ደረስኩ። ቄሱ አንድ እርምጃ እንኳ አልቀረቡልኝም። መስቀላቸውን አውጥተው እስክደርስ ጠበቁኝ። ተሳለምኩ።

"እንዳላማው እኔ ነኝ፣ አባ" አልኳቸው።

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። "እግርህን ነግራኛለች፤ ፈሪ መሆንህን ግን አልነገረችኝም።"

"እሷም አታውቅም። እኔ እነግራታለሁ።"

"አሁኑኑ ንገራት። ይህን ሰምታ እሺ ካለች እኔም እሺ ብያለሁ" አሉና ተመልሰው ተቀመጡ።

እዚያው መቃኑን ተደግፌ ደወልኩላት። አክስቴ ክራንቼን ስትደብቅ ዝም ማለቴን፣ ጋቢውን፣ የውሸት ሳሌን፣ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። ፈሪ ነኝ አልኳት። ቤት ያለው ሰው ሁሉ ጆሮውን አቁሟል።

"አውቃለሁ" አለችኝ። "ለአባዬ የደበቅኩት እሱን ብቻ ነው።"